ነፋስ ፍለጋ ጣሪያ ላይ

የተቃጠለ ሞተር ስጠቀልል ነው ያረጀሁት። ለማያውቀው ልንገር፤ የወፍጮም ይሁን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲቃጠል ብረቱ ምንም አይሆንም፤ የሚሞተው ሆዱ ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ነው። የተቃጠለውን ዙሩን እየቆጠሩ ማውጣት፣ በአዲስ ሽቦ ያንኑ ያህል ዙር መመለስ፣ ቫርኒሽ አጠጥቶ ማድረቅ፤ ሥራው ይኸው ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው የሚበቃ ሂሳብ ነው። ሱቄ ከዶሮ ማነቂያ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበረች፤ መኖሪያችን ደግሞ ከሱቋ ጀርባ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ።

መኖሪያችን ስል የእኔና የእህቴ ማለቴ ነው። እትዬ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ናቸው ቡና ለቀማ ገብተው፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ውስጥ ተቀምጠው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ያሳደጉኝ። ትዳር መጥቶላቸው ነበር፤ «ይሄን ልጅ የት ልጣለው?» ብለው መለሱት ይባላል። እኔም አልጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም አልነገሩኝ። አንቺ ብዬ ጠርቻቸው ሳላውቅ እኔም ሸበትኩ። ለእኔም ትዳር አልሆነልኝም፤ እንዲሁ ሁለታችን ቀረን።

ሕመማቸው የሳንባ ነው። ሐኪሙ የድሮው አቧራ ነው አለ። መጀመሪያ ሕመሙ ዳገቱን ከለከላቸው፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቀጥሎ ደጃፉን። በመጨረሻ ከአልጋቸው አጠገብ የኦክስጅን ማሽን ገባች። ትንሽ ሣጥን ነገር ናት፤ በመብራት ትሠራለች፤ ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ለይታ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ትልካለች። ስትሠራ ድምፅ አላት።

«በስተርጅና የሚያንኮራፋ ባል አመጣህልኝ» ይሉኝ ነበር እትዬ።

መብራት ሲጠፋ እንግዲህ ማሽኗ ትቆማለች። ለዚያ ጊዜ የምትሆን አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ጥግ ላይ አቁመናል፤ ጥቂት ሰዓት ትይዛለች። ብዙ ጊዜ ይበቃን ነበር። አንድ እሑድ ግን ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ የጠፋው መብራት ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ሲሊንደሯ ላይ ያለችው መርፌ ቀስ እያለች ወደ ቀዩ ትወርዳለች። የሚሞላበት ቦታ እሑድ ዝግ ነው። አንዴ መርፌዋን፣ አንዴ የእትዬን ከንፈር አያለሁ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ አፍጥጠህ ካየሃት እኮ አፍራ ትወርዳለች» አሉኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። መርፌዋ ቀዩን ነክታ ነበር። እትዬ ደክሟቸው ተኙ፤ እኔ ሱቄ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የወፍጮ ሞተር ልሠራ ወደ አዳማ ስወርድ ተራራው ላይ ተደርድረው አይቻቸው ነበር፤ ነጫጭ፣ ሦስት ሦስት ክንፍ ያላቸው፣ ሳይቸኩሉ የሚዞሩ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ለማየት ወደ አንድ ወገን ጋደለ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ከነፋስ መብራት ያወጣሉ» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መብራት ሞተር ሲያዞር ነው የማውቀው። እዚያ ደግሞ ነፋስ ያዞረዋል፣ መብራት ይወጣል፤ የእኔው ሥራ ተገልብጦ ነው። ያን ጊዜ ሰምቼ አለፍኩት። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ነፋስ መቼም አይቋረጥም ብዬ አሰብኩ። ይሄም ስሕተት ነበር፤ ግን የመጀመሪያውን ስሕተቴን ላስቀድም።

ሱቄ ውስጥ ከአንድ የድሮ ቡና ቤት የመጣ የኮርኒስ ቬንትሌተር ነበር። ሞተሩን ጠቅልዬለት ባለቤቱ ሳይመለስ ቀርቷል። መብራት ሲሰጡት ነፋስ የሚሰጥ ነገር፣ ነፋስ ሲሰጡት መብራት የማይሰጥበት ምክንያት አልታየኝም። በቧንቧ ብረት ጫፍ ላይ አሰርኩትና ከቆርቆሮ ጣሪያችን በላይ አቆምኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ጉልበቴ የመሰላል ጉልበት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ዞረ። ቴስተሬን አስጠጋሁ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

መንገደኛው ግን ተነቃነቀ። የታክሲ ረዳቱ ከታች ሆኖ «ፋዘር! ሙቀት ነው ወይስ ሊበሩ ነው?» ይለኛል። ጓደኛው ይቀበለዋል፤ «ተዋቸው ባክህ፣ ለእርግቦቹ ቬንትሌተር እየገጠሙላቸው ነው!» እትዬ ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ። ምሳ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣

«ትኬቱ ስንት ነው አልክ?» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ሲስቁ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እጄን ጠበቅ አድርገው ይይዙና እስኪመለስላቸው ይቆያሉ። እኔም እጄን ሳልነጥቅ እጠብቃለሁ።

በዚያው ሰሞን የድሮ ጎረቤታችን ልጅ እትዬን ልትጠይቅ መጣች። አባቷ በራችን ላይ ሱቅ የነበራቸው ጉራጌ ናቸው፤ እናትና አባቷ ሱቅ ሲውሉ እትዬ ናቸው አዝለው ያሳደጓት። አምስት ኪሎ ተምራ ኢንጂነር ወጥታለች፤ ሥራዋም ሌላ ሳይሆን እነዚያው ከአውቶቡስ ያየኋቸው የነፋስ ተርባይኖች ዘንድ ነው። ጣሪያ ላይ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

ነገርኳት። አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ወጣችና ክንፉን በእጇ ዳሰሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ እንዲገፋ የተሠራ ነው እንጂ ነፋስ እንዲቀበል አይደለም። ሞተሩም ውስጥ ማግኔት የለም። ቀኑን ሙሉ ቢዞር ባዶውን ነው።»

ማግኔት የለም ስትለኝ ፊቴ ጋለ። ስንት ዓመት ሆዱን ስከፍተው የኖርኩት ዕቃ ነው። ውስጡን አውቀዋለሁ፤ ብቻ መብራት ሲበላ እንጂ ሲያወጣ አስቤው አላውቅም።

ወርደን እትዬ አጠገብ ተቀመጥን። ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳችን። ነፋስ ማለት እንደ ወንዝ ነው አለች፤ ቤትና ፎቅ ሲገጥመው ይሰባበራል፣ እዚያው ይሽከረከራል፣ ኃይሉን ይጥላል። ለዚህ ነው ሜዳና ተራራ መርጠው በረጅም ምሰሶ የሚሰቅሉት። ትንሹም ተርባይን ጥቅም አለው፤ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ለጤና ጣቢያ መብራት፣ ለእንስሳት ውሃ መሳቢያ፣ ከፀሐዩ ጋር ተደርቦ ይሠራል።

«እዚህ ግን ስልክ ቻርጅ ቢያደርግልዎት፣ አንድ አምፖል ቢያበራልዎት ነው። የእማማን ማሽን ያንቀሳቅሳል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ነፋስ ደግሞ እሱም ይጠፋል፤ እማማ ትንፋሽ በፈለጉ ሰዓት ጸጥ ሊል ይችላል።»

«ወደፊትስ?» አሉ እትዬ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ፤ እሳቸው የማይደርሱበትን ነገር መጠየቅ።

«ወደፊትማ የበጋው መብራት ከነፋሱ ነው እማማ። ዝናብ ሲያቆም የግድቡ ውሃ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው ያኔ ነው። ይተካካሉ። ገና ብዙ ይተከላል፣ ብዙ ቦታ አለን።»

«እንደ ደህና ባልና ሚስት ነዋ፤ አንዱ ሲደክም አንዱ ይበረታል።»

በሳምንቱ ልጅቷ አንድ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር የሚሉትን ዕቃ ይዛ መጣች። መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፤ ሲጠፋ ማሽኗን እሱ ይይዛታል። እኔው ነኝ ሽቦውን ያገናኘሁት። ከሲሊንደሯ ጋር ሲደመር የዚያ እሑድ ዓይነት ቀን ቢመጣ እንኳ አይነካንም። መብራቱ ሲጠፋ ማሽኗ ማንኮራፋቷን ሳታቋርጥ ስትቀጥል፣ እትዬ «ባሌ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይፈታም!» ብለው አጨበጨቡ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ይሄን ዛሬ ነው የምለው።

ለምን እንዳላቆምኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው የተቃጠለ ሞተር ማስጠቅለል ትቶ አዲስ መግዛት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሱቄ ከተከፈተች ይልቅ የተዘጋችበት ቀን ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ስወጣ ግን ሠራተኛ ነበርኩ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ እትዬ አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሻቸውን መስማት ከባድ ነው። ወደ ውስጥ ሲስቡ እኔም እስባለሁ፣ ሲዘገይባቸው እኔም እዘገያለሁ። ጣሪያ ላይ የሚሰማው የመኪናና የሰው ድምፅ ነው። ለእሳቸው ነው የምሠራው እያልኩ ከእሳቸው እሸሽ ነበር።

በዚያ ላይ ነፋስ መጣ። ሰፈሩ ለልማት መነሳት ጀመረ። ከጀርባችን ያለው ረድፍ መጀመሪያ ሄደ፤ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው፣ እትዬን በመስኮት ተሰናብተው፣ ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ገቡ። ቀጥሎ የግራው ረድፍ። የእኛ ተራ አልደረሰም ነበር። ቤቶቹ ሲፈርሱ በሰባ ምናምን ዓመቴ መጀመሪያ ጊዜ ከቤታችን ጓሮ ቆሜ እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ ሰማዩን አየሁ። በዚያ ክፍት ቦታ ነፋሱ ያላንዳች ከልካይ መጥቶ ቆርቆሯችንን ይነቀንቀዋል። ጎረቤት በሄደበት መንገድ ነው የገባው። ሌላ ሰው ያዝንበት ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ይሄኛውን በደንብ ሠራሁት። የጭነት መኪና ዲናሞ አገኘሁና ሆዱን ከፍቼ ቀጭን ሽቦ፣ ብዙ ዙር አድርጌ ጠቀለልኩት፤ በዝግታ ቢዞርም እንዲሰጥ። ክንፎቹን ከፈረሰ የድሮ ባለ ፎቅ ቤት ከተነቀለ የወለል ሳንቃ ጠረብኳቸው። ጥሩ እንጨት ነው፤ የስንት ሰው እግር ያለሰለሰው። ልጅቷ በስልክ እየሳለች የላከችልኝን ቅርጽ እያየሁ አንዱን ክንፍ ለመጥረብ ሳምንት ሙሉ ይፈጅብኛል። ፍቄ እመዝነዋለሁ፣ ፍቄ እመዝነዋለሁ።

«ውረድና ቁጭ በል» ይሉኛል እትዬ ከውስጥ።

«መጣሁ እትዬ፣ አንድ ብሎን ቀርቶኛል።»

«ያንተ ብሎን መቼም አያልቅም። ሰው እኮ ናፈቀኝ። ጎረቤቱ ሄደ፤ ያለኸኝ አንተ ነህ፣ አንተም ላይ ወጣህ።»

በቀልድ ነው የሚሉት። የአራዳ ሰው ናቸው፤ የሚያማቸውን ነገር ሁሉ በቀልድ ነው የሚናገሩት። እኔ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ጮክ ብለው መጥራት ሲያቅታቸው ከዘራቸውን በግድግዳው ላይ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ከላይ ሆኜ ይሰማኛል። መጀመሪያ ቶሎ እወርድ ነበር። ብዙ ጊዜ ምንም አይፈልጉም፤ «መኖርህን ልወቅ ብዬ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ እየቆየሁ መውረድ ለመድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክንፎቹ ዞሩ። ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ትንሽ አምፖል ከራስጌያቸው በላይ ሰቀልኩላቸው። ቀላ፣ ደበዘዘ፣ እንደገና ቀላ። እኔ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሜ እንደ ሙሽራ ፈገግ እላለሁ። እትዬ ረጅም ጊዜ አተኩረው አዩት።

«ጎበዝ። አሁን ይሄን መብራት የምናይበት ሌላ መብራት አምጣ።»

ስንስቅ እጄን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ወደ ጣሪያው እየሮጥኩ ነበር፤ ክንፉ የሚንቋቋ ድምፅ ሰምቼ።

መጋቢት ላይ ነው። ማክሰኞ ነበር፤ ፀሐይዋ ደምቃ፣ መብራት አልጠፋም። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ በርትቶ ስለነበረ ክንፎቹ ከልክ በላይ ፈጠኑብኝ፤ ምሰሶው ይወዛወዛል። ሊገነጠል ነው ብዬ ወጣሁ። በገመድ ልይዘው ስታገል ከዘራው ግድግዳውን መታ። ሁለት ጊዜ። «መጣሁ!» አልኩ። ገመዱን አሰርኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ። እንደገና አንድ ጊዜ መታ። «መጣሁ አልኩ እኮ እትዬ!» ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቁጣ ነበረበት፤ ይሄን ለንስሐ አባቴ ብቻ ነበር የተናገርኩት፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ። ሌላውንም ብሎን አጠበቅኩና ክንፎቹ ረጋ ሲሉ፣ ሥራው ማለቁ ደስ ብሎኝ፣ ወረድኩ።

ማሽኗ ታንኮራፋለች። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሲሊንደሯ ሙሉ ናት። ከዘራው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ እትዬ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ዐርፈዋል።

ኋላ ሐኪሙ ልባቸው ነው የደከመው አለ። ሳንባ ሲደክም ልብ ይደክማል፣ ቢወርዱም የሚያደርጉት ነገር አልነበረም አለኝ። ለሐዘኔ ብሎ ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም። እኔስ አድናቸው ነበር አላልኩም። እጃቸውን እይዝ ነበር ነው ያልኩት።

የዕድሩ ድንኳን የተተከለው ፈራርሶ በተስተካከለው ቦታ ላይ ነው፤ ቦታ እንደዚያ ሰፍቶን አያውቅም። የተበተኑት ጎረቤቶች ከየኮንዶሚኒየማቸው በሁለት በሦስት ታክሲ እየመጡ አለቀሱላቸው። ስለ ጣሪያው ዕቃ የጠየቀኝ የለም። ነፋሱ በርትቶ ስለነበረ ከድንኳኑ በላይ ሲዞር ይታይ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ እኔው ወጥቼ ክንፎቹን ፈታሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጅቷ በመኪናዋ መጥታ «ጋሼ፣ ይነሱ፣ አየር ይቀይሩ» አለችኝና ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። ከቅርብ ሲያዩአቸው ሌላ ናቸው። ምሰሶው ለብቻው የቤተ ክርስቲያን ግንብ ያህል ወፍሮ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ባንጋጥጥ ጫፉ አይያዝልኝም። ክንፉ አጠገባችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ትልቅ ጨርቅ እንደሚራገፍ ያለ ድምፅ አለው። ከሥሩ ገበሬው መሬቱን ያርሳል፣ ላሞች ይግጣሉ። ነፋሱ ሲዞር አናቱ ራሱ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ከልክ በላይ ሲበረታ ክንፎቹ ራሳቸው ጠመም ብለው ኃይሉን ያሳልፉታል፤ ማንም ገመድ ይዞ አይወጣም።

«ከዚህ የሚወጣው መብራት የት ነው የሚሄደው?» አልኳት በኋላ።

«ሁሉም አንድ መስመር ውስጥ ነው የሚገባው ጋሼ። የውሃው ከነፋሱ ይቀላቀላል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሁሉም ቦታ።»

«ወደ እኛም ቤት?»

«ወደ እናንተም ቤት።»

«መጋቢት ላይ?»

መሬት መሬቱን አየች። «በበጋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የነፋሱ ድርሻ ይጨምራል» አለች።

«እንግዲያ እኔ ሳልወጣም ነፋሱ ይደርሳቸው ነበር።»

«ይደርሳቸው ነበር ጋሼ።»

አላለሳለሰችልኝም። አርባ ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ደህና አድርገህ ጦረሃቸዋል፣ ምን የቀረባቸው ነገር አለ ሲለኝ ነው የከረመው። እሷ ግን እትዬ አዝለው ያሳደጓት ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ እውነቱን ብቻ ነገረችኝ። ለዚህም አመሰግናታለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ እየመጡ የሚጠይቁኝ አሉ። የነፋስ መብራት ሠርተው ነበር አሉ፣ እስቲ ያስተምሩን ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ፎቅ መሃል አትስቀሉት፣ ክፍት ቦታ ፈልጉ፣ ለገጠር ዘመድ ቤት ይሆናል፤ ትልቁን ሥራ ግን ለተማሩት ተዉላቸው፣ ተራራው ላይ በደንብ ይዘውታል፣ ገናም ይጨምራሉ እላቸዋለሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ የሽማግሌ ወሬ ይመስለዋል፣ ይስቃል። አለ ያለኝን ግን ሻይ ሳልጋብዝ፣ ሳልይዘው፣ ቶሎ ወደ ቤቱ እሸኘዋለሁ።